የሃያ ሰው ምራቅ

መርሳ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሉብና፣

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላህ። እንዴት ሰንብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት። እህትሽ ናጅዋም ደህና ናት፤ ስልኳን ታቅፋ ትውላለች እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። እናቴ እማ ሲቲ ከሳሏ በቀር ደህና ናት፤ ዱአ እያደረገችልሽ ነው። ማንጎው ዘንድሮ ከመብዛቱ የተነሣ ገዥ አጥቶ በየደጃፉ ይበሰብሳል።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ሙስዐብ ከቅጥቅጡ ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። በስልክ ሳይሆን በወረቀት መጠየቅሽን ወድጄዋለሁ። ጆሮዬን የስፌት መኪናው ከዘጋው ወዲህ ስትደውዪ ናጅዋ ድምፁን ለቃው ነው የምሰማሽ፤ እኔ ከመስማቴ በፊት ገበያው ይሰማል። ወረቀት ግን የሚያየው አንድ ዓይን ነው፣ ያውም ሙስዐብ ካልከፈተው። በሚቀጥለው ፖስታውን ደህና አድርገሽ አጣብቂው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ግን ይህ ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው? ሰላምታው ሁለት መስመር፣ ጥያቄው አንድ ገጽ! ብልቃጦቹን ለሰው ያደለ ማነው፣ የት አደሩ፣ ወልድያ ያደረሳቸው ማነው፣ ቤት ውስጥ የነካቸው ሰው አለ ወይ... ፖሊስ ሆንሽ እንዴ? ባዮሜዲካል ሳይንስ ልትማር ሄደች ስንል መርማሪ ሆነሽ ልትመጪ ነው? ወይስ የሚጠይቀኝ ያ አማካሪዬ የምትዪው ዶክተር ስዩም ነው፣ በአንቺ እጅ እያጻፈ?

ቢሆንም እመልስልሻለሁ። ያደለው ጤና ጣቢያ የሚሠራው የእናትሽ ወንድም ልጅ ዛኪር ነው፣ አንቺው እንዳዘዝሽው። ወሩ ረመዳን ነበር፤ እነ እትየ ፋንቱም ሁዳዴያቸውን ይዘው ነበር። ጾመኛ ሰው በቀን አፉን ከፍቶ ብልቃጥ ውስጥ ሲተፋ ደግ አይደለም። ስለዚህ ዛኪር «ማታ ቤታችሁ ሙሉትና ጠዋት አምጡልኝ» ብሎ ሰጣቸው። ጠዋት ሃያውም ሞልቶ መጣ፤ አንድ አልጎደለም። እሱም በበረዶ ሳጥን አድርጎ ወልድያ አደረሰው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተ ታውቃላችሁ።

የአንቱስ ብልቃጥ ላልሽው፣ የኔም ሞልቷል። በደህና እጅ ያለፈ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ሰዉን እንዴት እንዳግባባሁት አላወቅሽም አንቺ። እኛ ጥፍራችንንና ጠጉራችንን እንኳ ክፉ ሰው እንዳያገኘው አርቀን የምንቀብር ሰዎች ነን። ምራቅ ስጡ ሲባሉማ! ጋሽ አያሌው ሱቄ ደጃፍ ቆሞ «ምራቁን የዋጠ ሰው ምራቁን ለማያውቀው አይሰጥም» ብሎ ገበያተኛውን አሳቀብኝ። ልጄ ናት፣ ክፉ አታመጣም እያልኩ የለፈለፍኩት እኔ ነኝ። አሁን አንቺው ተመልሰሽ ስትጠረጥሪን ምን ልበላቸው?

እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ «ምን ጻፍክላት?» እያለች ነው። «ከለመነችኝ በላይ መርቄያታለሁ፤ ምርቃቴ ሲደርስ ታየዋለች በላት» ብላለች። ወረቀቱ ላይም እንትፍ እንትፍ ብላልሻለች። ጠብታ ብታዪ የኔ ላብ አይደለም።

አባትሽ ሙሐመድዘይን

—

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። እንደምን ሰነበቱ? እናቴስ? የእማ ሲቲ ሳል ለቀቃት ወይስ እንዳለ ነው? ዝንጅብሉን በማር አድርጋ ትውሰድ፣ እንቢ ትላለች እንጂ። ባለፈው ሰላምታዬ ስላጠረብዎት አፉ በሉኝ። ቸኩዬ ነበር የጻፍኩት።

የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ ወይስ ዶክተሩ ብለዋል። የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ፖሊስ ሆንሽ ወይ ላሉኝም፣ አልሆንኩም፤ ተከሳሽ ነኝ።

አባዬ፣ የላካችሁልኝ የሃያ ሰው ምራቅ አንድ ሰው ሆነ።

ላስረዳዎ። ምራቅ ውስጥ የሰውየው ዘረመል አለ፣ አካሉ የተሠራበት ልክ ማለት ነው። አንቱ የደንበኛ ልክ እንደሚይዙት ነው፤ የአንዱ ትከሻ ለሌላው አይሆንም። እኔ የምማረው አዲሱ ትምህርት ይህን ልክ እያዩ መድኃኒቱን እንደየሰዉ መስጠት ነው። የሟች አክስቴ፣ የእህትዎ ልጅ አማን ወባ ይዞት መድኃኒት በወሰደ ጊዜ ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ለጥቂት የተረፈው ትዝ ይልዎታል? መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለሌላው የሚያድነው ለእሱ ደም ልክ ስላልነበረ ነው። እንዲህ ያለ ደም በሀብሩ ቆላ በስንት ሰው ላይ አለ? ምራቁን የለመንኳችሁ ይህን ለማወቅ ነው።

መሣሪያው ሃያውን አነበበና ሃያውም አንድ ሆነ። ተቀላቅሎብኝ ይሆናል ብዬ ደግሜ አስገባሁ። ያው አንድ። በዚያ ላይ ያ አንድ ሰው ሴት ናት! የጋሽ አያሌው ስም የተጻፈበት ብልቃጥ ሴት ነው የሚል፤ የአንቱም ስም ያለበት እንደዚሁ። ዶክተር ስዩም ውጤቱን ሲያይ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የፍሪዘሩን ቁልፍ ከእጄ ተቀበለና «ሃያ ሰው ማግኘት ከከበደሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ቤቷ ተቀምጣ የአንድ ሰው ምራቅ ሃያ ቦታ ከፋፍላ አመጣችልን ነው የሚሉት። በሰኔ መጨረሻ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። አጭበርብራለች ካሉ እባረራለሁ፤ የተባረረውን ተማሪ ደግሞ ሌላ ዩኒቨርሲቲም አይቀበለውም።

የምጠረጥረው ዛኪርን ነው። ወንድሜ ማለት ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ስንፍናውን ሁላችንም እናውቃለን። ጾሙ አድክሞት ብልቃጡን ሳያድል ቤቱ ተቀምጦ የሚስቱን ምራቅ ሞልቶበት ይሆናል። አንቱ በዘዴ ያውጣጡት፣ እንደሚያውቁበት።

ለእማ ሲቲ ግን ምንም አይንገሩብኝ። የመረቀችው ነገር እንዲህ ሆነ ብላ እንዳታዝን።

ልጅዎ ሉብና

—

መርሳ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለአንቺ ይሁን ልጄ፣

ሁለቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለዘገየሁብሽ አፉ በይኝ። ጽሕፈቱ የናጅዋ መሆኑን ታዪያለሽ፤ እጄን መርፌ ወግቶኝ ትንሽ አሞኛል። መኪናውም ተበላሽቶ ሱቁን ከዘጋሁ ሰነበትኩ።

ዛኪርን ጠየቅሁት። እኔ በዘዴ ነበር የጠየቅሁት፤ እሱ ግን በዘዴ አልመለሰልኝም። «ከእያንዳንዱ ሰው እጅ በእጄ ነው የተቀበልኩ፣ ቁርአን አምጡልኝ፣ ሚስቴ ያን ሰሞን ውርጌሳ እናቷ ዘንድ ነበረች» ብሎ ገበያ መሀል አዋረደኝ። ውርጌሳ ሰው ልኬ አጣራሁ። እውነቱን ነው፣ ሴትዮዋ ወሩን ሙሉ እዚያ ነበረች። ጥቂት ቀን ፊቱን ሲያዞርብኝ ከርሞ፣ በችግር ቀን ግን ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ። ስለዚህ እሱን ተዪው።

እኔ የምጠረጥረው ዶክተርሽን ነው። ቁልፉ ያለው በማን እጅ ነው? በእሱ። አንቺን አስወጥቶ የሌላ ሰው ልጅ ሊያስገባ ፈልጎ፣ የኛን ምራቅ ደፍቶ በገዛ ሚስቱ ሞልቶት ቢሆንስ? የተማረ ሰው ተንኮሉም የተማረ ነው። አትመኚው።

ለአረፋ ልምጣ ወይ ላልሽኝ፣ አትምጪ። መንገዱ አስተማማኝ አይደለም ይላሉ። ፈተናሽም ቀርቧል። እንዴት ያለ አባት ነው ለበዓል አትምጪ የሚል እንዳትዪኝ፤ ለአንቺው ብዬ ነው። ቋንጣ እንልክልሻለን።

እናትሽም ናጅዋም ሰላም ይሉሻል። እናቴ ደህና ናት። አታስቢ።

አባትሽ

—

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

በዓሉን እንዴት ዋልሽ ብለው በሙስዐብ አስጠይቀውኛል። በዓል አልዋልኩም አባዬ። አብራኝ ዶርም የምትኖረው ማህሌት አይዞሽ እያለች ሻይ ስታፈላልኝ ነበር። ቋንጣው ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ፤ እስካሁን አልቀመስኩትም።

ዶክተር ስዩምን ይተዉት። እሱ የራሱን ሚስት አልሞላበትም። አዲስ ነገር መጥቷል።

እኛ ተማሪዎች መጀመሪያ ስንገባ ለልምምድ እያንዳንዳችን የራሳችንን ምራቅ ሰጥተን ነበር። ዶክተር ስዩም የኔን ከፍሪዘር አውጥቶ ከዚያች ሴት ጋር አስተያየው። ሰው ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ያገኛል፤ ከአያቱ ደግሞ ሩቡን ያህል፤ ከአክስቱም ጋር ሩቡን ይጋራል። ያቺ ሴት ከእኔ ጋር የምትጋራው ሩቡን ነው። ማን ትሆናለች? የእናቴ እናት እኔ ሳልወለድ ሞታለች። አክስቴም ከሞተች ቆየች። የቀረችው እማ ሲቲ ናት።

«የአያትሽን ምራቅ ነው ያመጣሽልን?» አለኝ ዶክተሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ በውስጡ ትንሽ ጥርጥር ነበረው፣ ይህች ልጅ እውነቷን ይሆናል የሚል። ያንንም አጣሁት።

አባዬ፣ አፉ በሉኝ። አሁን የምጠረጥረው አንቱን ነው።

ብልቃጥዎን ስጠይቅዎ «በደህና እጅ ያለፈ ነው» ብለው ዘጉት። በመጀመሪያው ደብዳቤ እማ ሲቲ ከጎንዎ ተቀምጣ ታስጽፈዎት ነበር፤ በሁለተኛው አንድ ቃል የላትም። «ደህና ናት፣ አታስቢ» ብቻ። ሰው ሳይጠየቅ አታስቢ አይልም። ለናጅዋ ስደውል እማ ሲቲ ተኝታለች ትለኛለች። ሌላ ቀን ስደውል እየሰገደች ነው ትላለች። ሦስተኛ ጊዜ ሐራ ገበያ ሄዳለች አለችኝ! አልጋ ላይ ሆና የምትሰግድ ሴት ሐራ ገበያ ምን ልትሸጥ ነው የምትሄደው? ስልኩ ውስጥ ደግሞ የብዙ ሰው ድምፅ ነበረ። ሙስዐብ ቋንጣውን ሲሰጠኝ መሬት መሬት እያየ ነው፤ ሌላ ጊዜ ካላሳቀኝ የማይሄድ ሰውዬ። ዛኪር የተገኘበት የችግር ቀንስ የምን ችግር ነው? የአንቱ ሱቅ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ጠዋት ተከፍቶ ነበር፤ መርፌ ወጋኝ ተብሎ የሚዘጋ ሱቅ አይደለም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ያሳደጉኝ አንቱ ነዎት። ስለዚህ ጠረጠርኩ። የሆነውን ያውቃሉ፣ እማ ሲቲም እውነቱን እንዳትነግረኝ ሸሽገዋታል። ለአረፋ አትምጪ ያሉኝም እንዳላገኛት ነው።

አልፈርድብዎትም። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። እማ ሲቲን ሙስዐብ ከፊት ወንበር አስቀምጦ ቀስ ብሎ ያምጣልኝ። ኮሚቴው ፊት ቀርባ የሆነውን በአፏ ትናገር፣ ምራቋንም በፊታቸው ትስጥ። ከእሷ ሌላ የሚያወጣኝ ሰው የለም። እሷ ደግሞ ለኔ ስትባል በእግሯም ትመጣለች፣ አውቃታለሁ።

ልጅዎ ሉብና

—

መርሳ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሉብና፣

ይህ የራሴ ጽሕፈት ነው።

«እማ ሲቲን ሸሽገዋታል» ብለሽ ጽፈሻል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ መልሼ አውጥቼ አነበብኩት። አልተቀየምኩሽም። ልጅ አባቱን ሲጠረጥር ያማል፤ ግን እኔው ያስተማርኩሽ ነው፣ ማንን እከሳለሁ?

የምራቁን ነገር ልንገርሽ። እስካሁን አፌን የያዘኝ ኀፍረት ነው።

ዛኪር ብልቃጡን ያደለ ዕለት፣ አፍጥረን እንደተነሣን እትየ ፋንቱ መጣች። ብልቃጧን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። «እማ ሲቲ፣ የልጅቷን ነገር እምቢ ማለት አልሆነልኝም። የኔ ምራቅ ግን ማን እጅ እንደሚገባ አላውቅም፣ መተት ቢሠሩበትስ? አንቱን መተት አይደፍረዎትም፤ እባክዎ አንቱ ይትፉልኝ» አለቻት። እናቴ ሳቀች። «የልጅ ልጄ ምራቅ ላከችልኝ ብላ መለመኗ ምርቃት ፈልጋ አይደል?» ብላ እንትፍ አለችበት። ፋንቱ ሳትወጣ ጎረቤቷ ገባች። እሷ ሳትቀመጥ ጋሽ አያሌው ከቸች አለ፤ ያ ምራቁን የዋጠው ሰውዬ ብልቃጡን ከኮቱ ኪስ አወጣ! እስላሙም ክርስቲያኑም ዝናም ሲጠፋ ለዱአ እንደሚመጡት እየተከታተሉ መጡ። ቀኑን ሙሉ ጾማ የዋለች አሮጊት ምራቅ ከየት ታመጣለች? ሎሚ አስቆርጣ እያሸተተች ነው የሞላችው። አፏ ሲደርቅ ትንሽ ታርፍና ሎሚውን ታሸታለች። «ሃያ ምራቅ ፈልጋ ሃያ ምርቃት አገኘች፣ እንግዲህ እንዴት አትማር!» ትል ነበር።

አንቱስ የት ነበሩ፣ ተው አይሉም ወይ ትዪኛለሽ። ልጄ፣ የመጨረሻው ብልቃጥ የኔ ነበር። ገበያውን ሁሉ ስጡ ስጡ ብዬ ለፍልፌ የራሴን መስጠት ፈራሁ። አንቺን አልጠረጠርኩም፤ ከአንቺ ወዲያ ያለውን እጅ ነው የጠረጠርኩት። ዛኪር ይህን አያውቅም፣ ጠዋት ሞልቶ መጣለትና ወሰደ። እኔም ምራቅ ምራቅ ነው ብዬ ነበር፤ ያውም የእናቴ፣ የተመረቀ ነው ብዬ ነበር። አንድ ሆነ ብለሽ ስትጽፊልኝ ሁሉም ገባኝ። ያን ጊዜ መናገር ሲገባኝ ዛኪርን አስጠረጠርኩ፣ ዶክተሩን አማሁ። ተንኮል ያሰበ ሰው አልነበረም። ጥንቃቄያችን አንቺን ገደል አፋፍ አደረሰሽ።

እናቴን አምጧት ላልሽኝ፣ መምጣት አትችልም። ይህን ደግመሽ አትጠይቂኝ፤ በወረቀት የሚመለስ ነገር አይደለም።

እኔ ግን እመጣለሁ። ሃያችንም እንመጣለን። ሙስዐብ ቅጥቅጡን ሊያዘጋጅልን ነው። ፋንቱ «እኔው አስገባኋት፣ እኔው በገዛ ምራቄ አወጣታለሁ» ብላ ስንቋን ስታሰናዳ ነው። ዛኪር ይቅር ብሎኛል፣ እሱም አብሮን አለ። ዓርብ ሰኔ 20 ማታ ገብተን ዘመድ ቤት እናድራለን፤ ቅዳሜ ፀሐይ ሳትወጣ ዶርምሽ ደጃፍ እንደርሳለን። ይህን ያህል ሰው ዘበኞቹ ያስገቡናል ወይ? መልሱን በሙስዐብ ላኪልኝ። ለምን በዛችሁ አትበዪኝ።

ያቺ ማህሌት የምትያት ልጅ ያን ዕለት ካጠገብሽ አትራቅ። ጋቢም ደርቢ፣ ማለዳው ይበርዳል።

አባትሽ ሙሐመድዘይን

—

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ዘበኞቹ ያስገቡናል ወይ ብለዋል። ያስገባሉ። ዶክተር ስዩም ራሱ ፈቃድ አስጽፎላችኋል።

ደብዳቤዎን አነበብኩለት። ሎሚው ጋ ስደርስ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። የእሱም አያት ፈተና ሲደርስ ግንባሩ ላይ እንትፍ እያሉ ይሸኙት እንደነበር ነገረኝ። ቢሆንም ሰውዬው እንደ አንቱ ነው፣ በቃል አያምንም። «ሃያ ሰው እኔ እያየሁ ተፍቶ ሃያ ሆኖ ከወጣ ክሱን በእጄ እቀደዋለሁ። አንድ ሆኖ ከወጣ ግን እኔም አልችልልሽም» ብሏል። የእማ ሲቲን አዲስ ምራቅ አልፈለገም። «የአባትሽ ይበቃል፤ ሰው የእናቱን ግማሽ ይዞ ነው የሚዞረው» አለኝ።

አባዬ፣ የመጨረሻ ጥርጣሬዬን ልንገርዎ።

ቅዳሜ ላቦራቶሪው የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው። ምራቅ ሊሰጥ የመጣ ሰው ፀሐይ ሳትወጣ በር አያንኳኳም። እኔ የመርሳ ልጅ ነኝ። ሰው ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ የሚመጣው ለምን እንደሆነ፣ ጓደኛሽ ካጠገብሽ አትራቅ፣ ጋቢ ደርቢ የሚባለው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። መርዶ ስንሄድ እኔም ከሰዉ ኋላ ሆኜ ስንቴ በር አንኳኩቻለሁ።

ስለዚህ አይጨነቁ፣ በልቤ ሰምቻለሁ። ያ የተዘጋ ሱቅ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው የሰው ድምፅ፣ የሙስዐብ አንገት መድፋት፣ ሁሉም አሁን ገባኝ። እኔ ግን ሸሽገዋታል ብዬ ጻፍኩልዎ። ከፊት ወንበር አስቀምጦ ቀስ ብሎ ያምጣልኝ ብዬ ጻፍኩልዎ! ያንን እንዴት አድርገው አነበቡት? የእናትዎን ሐዘን በጉሮሮዎ ይዘው የኔን ክስ ሲያነቡ... አፉ በሉኝ አባዬ። አፉ በሉኝ።

ማህሌት አጠገቤ ናት። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው፣ ግን ልጨርሰው።

ሃያው ብልቃጥ ውሸት አይደለም። የአንድ ሰው እውነት ነው። ያ የአማን ደም፣ የወባው መድኃኒት የማይስማማው፣ እማ ሲቲም ላይ አለ። አማን በእናቱ በኩል ያገኘው ከእሷ ነው። በአንቱም ላይ ሊኖር ይችላል፤ በአንቱ ካለ ደግሞ በእኔም በናጅዋም አለ። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲነሣ፣ ሳይመረመሩ ያንን መድኃኒት እንዳይውጡ። ዛኪር ያውቀዋል፣ ነግሬዋለሁ። ሃያ ሰው ፈልጌ አንዷን ባገኝ እሷ የቤቴን ነገር ነገረችኝ። ምርቃቴ ሲደርስ ታየዋለች ብላ አልነበር? ደርሶኛል።

የተበላሸ ናሙና ስለሆነ ይቃጠል ተብሎ ነበር። አስቆምኩት። እኛ ጥፍርና ጠጉር እንኳ አርቀን የምንቀብር ሰዎች ነን፤ ከእሷ መሬት ላይ የቀረው እዚህ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ነው። ዶክተር ስዩም ፈቅዶልኛል። ከእናንተ ጋር ወደ መርሳ ይዤው እመጣለሁ፣ ከመቃብሯ አጠገብ ከአንቱ ጋር ሆነን እንቀብረዋለን።

ቅዳሜ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ቁርስ ሳትቀምሱ ኑ፣ ሻይም አትጠጡ፣ አፋችሁ ንጹሕ መሆን አለበት። እትየ ፋንቱን አደራ ይንገሩልኝ፣ ስታየኝም ቢሆን እንዳትጮህ። ለቅሶ አፍ ያደርቃል። መጀመሪያ ሃያችሁም የየራሳችሁን ምራቅ ስጡኝ። ከዚያ አብረን እናለቅሳለን።

ልጅዎ ሉብና